ድንዛዜው ሳይለቃችሁ ክኒኑን ዋጡ

ደሴ ኮምቦልቻ ሚኒባስ እነዳለሁ። ሁለት የታች መንጋጋ ጥርሶቼ ሩት ካናል (የጥርስ ሥር ሕክምና) ተሠርተዋል።

የመጀመሪያው ዕለት ከንፈሬ እንደደነዘዘ «ተገላገልኩ» ብዬ ተሳፋሪ ጭኜ ወጣሁ። ሐረጎ ቁልቁለቱ መሃል ላይ ድንዛዜው ለቀቀኝ። መኪናው በነጠረ ቁጥር ሕመሙ ጆሮዬ ድረስ ይወጣል። የማስታገሻ ክኒኑ ኪሴ ውስጥ ነበር። ግን ካመመ በኋላ ስለዋጥኩት፣ ሥራውን እስኪጀምር ኮምቦልቻ ደርሼ ተራ ይዤ ነበር።

ሁለተኛው ላይ ሐኪሟ ቡፒቫኬይን የሚባል፣ ቶሎ የማይለቅ ማደንዘዣ ወጋችኝ። የተለመደው ሊዶካይን ከንፈርን ከ3 እስከ 5 ሰዓት ቢያደነዝዝ ነው። ይሄኛው የታች ጥርስ ላይ ከ5 እስከ 9 ሰዓት ሊቆይ ይችላል። ጠዋት 4 ሰዓት ከተወጋችሁ፣ ከቀኑ 9 እስከ ማታ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ይለቃል ማለት ነው። ከሥራው በፊት ጠይቁ። የልብ ሕመም ወይም እርግዝና ካለ ተናገሩ። ለሕፃናት አይመከርም፤ የደነዘዘ ከንፈራቸውን ያኝኩታል።

መርፌው ጊዜ ይገዛላችኋል እንጂ ሕመሙን አያጠፋም። እኔ 8 ሰዓት ላይ፣ ገና ምንም ሳይሰማኝ፣ ለብ ያለ አጥሚት ጠጥቼ 400 ሚሊግራም አይቡፕሮፌን ከ1000 ሚሊግራም ፓራሲታሞል ጋር ዋጥኩ። ከዚያ በየ6 ሰዓቱ፣ ስልኬን አስጩኼ፣ ለሁለት ቀን። ፓራሲታሞል በቀን ከ4 ግራም አይለፍ። ጨጓራ፣ ኩላሊት ወይም የደም ማቅጠኛ ያለበት፣ ነፍሰ ጡርም፣ አይቡፕሮፌን ሐኪም ሳያማክሩ አይንኩ። ጾም ላይ ያላችሁም ሰዓቱን ከሐኪም ጋር አስተካክሉ፤ በባዶ ሆድ ጨጓራ ይልጣል።

እስኪለቅ ድረስ ትኩስ ነገር የለም። እታለም ቡና አፍልታ ጠብቃኝ፣ አቦሉም ቶናውም አመለጠኝ፤ በረካው ላይ ደረስኩ፣ ያውም ቀዝቅዞ። ጫትማ አይታሰብም። ጉንጫችሁን አብራችሁ ስታኝኩ አይታወቃችሁም፣ ማታ ነው የሚታወቀው።

ሲነክሱበት ለጥቂት ቀናት ቢያም ያለ ነው። ጎረቤት የተረፈውን አሞክሳሲሊን የሚባል አንቲባዮቲክ ቢሰጣችሁ ተዉት፤ ማስታገሻ አይደለም። ፊት ካበጠ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ መዋጥ ወይም አፍ መክፈት ከከበደ ግን ነገን ሳትጠብቁ ያኔውኑ ተመለሱ።