ከጅማ ለመጣ ተማሪ፦ የሒሳብ ምደባው ነገር

ከጅማ ወደ አሜሪካ የሚነሣ ሰው ሻንጣ ውስጥ በርበሬው፣ ሽሮውና የተቆላው ቡና አይጠፋም። የሚረሳው ትራንስክሪፕቱ ነው። እኔም ረስቼው መጣሁ። ቡናው በሁለት ወር አለቀ፤ ትራንስክሪፕቱን ለማስላክ ግን እህቴ ከፈረንጅ አራዳ እየተነሣች ወደ ትምህርት ቤቴ ሦስት ጊዜ ተመላልሳለች።

በገባሁ በሦስተኛው ሳምንት፣ እንቅልፌ ሳይስተካከል፣ ኮሌጅ ልመዘገብ ሄድኩ። ውጤቴን የሚያሳይ ወረቀት ስላልነበረኝ ኮምፒውተር ፊት አስቀምጠው የሒሳብ ምደባ ፈተና ሰጡኝና «ደረጃህን ለማወቅ ብቻ ነው፤ አትጨነቅ» አሉኝ። እኔም አልተጨነቅኩም፤ ጥፋቴ እሱ ነበር። 12ኛ ክፍል ካልኩለስ የተማርኩ ሰው ክፍልፋይ ከሚደመርበት ክፍል ገባሁ። ከአፌ ቃል ሳይወጣ ፈርሜ ወጣሁ። እኛ ቢሮ የተቀመጠ ሰው ከወሰነ ወሰነ ነው።

አገር ቤት ሪሜዲያል ሲባል የ12ኛ ክፍል ፈተና ያልመጣለት ተማሪ የሚገባበት ነው። እዚህም ቃሉ አለ፤ እኔ የገባሁበት ዓይነት ክፍል ማለት ነው፤ ክፍያ ይከፈልበታል፣ ወደ ዲግሪው ግን አይቆጠርም። ፔል የሚባለው የመንግሥት ድጎማ ይሸፍነው ይሆናል፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ትምህርት ግን ከ30 ክሬዲት በላይ አይሄድም።

ስለዚህ ፈተናውን አስቀድማችሁ እወቁት። ብዙ ኮሌጆች የሚጠቀሙበት አኪውፕሌሰር ሦስት የሒሳብ ክፍሎች አሉት፤ እያንዳንዱ 20 ጥያቄ ነው፣ የሰዓት ገደብ የለውም። በትክክል ስትመልሱ ጥያቄው ይከብዳል፣ ስትሳሳቱ ይቀልላል። አንዴ ያለፋችሁት ጥያቄ ጋ መመለስ አይቻልም፤ «ቀላሉን ሠርቼ እመለሳለሁ» የሚለው የአገር ቤት ዘዴያችን እዚህ አይሠራም። የራሳችሁን ካልኩሌተር ይዛችሁ አትገቡም፤ ለአንዳንድ ጥያቄ ብቻ ስክሪኑ ላይ ይመጣል። አሌክስ የሚባለው ደግሞ እስከ 30 ጥያቄ አለው፣ ከ100 ያርማል። በፈተናና በፈተና መካከል የሚለማመዱበት ትምህርትም አብሮት ስላለ፣ ኮሌጁ ስንት ጊዜ መድገም እንደሚፈቅድ ጠይቁ። ካሊፎርኒያ የምትገቡ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፤ በ2017 የወጣ ሕግ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆቹ በዋናነት የሁለተኛ ደረጃ ውጤትን እንዲመለከቱ ያስገድዳል።

እኔን የጣለኝ አልጀብራው አልነበረም። ምንጣፍ «ፊት» በሚባለው የርዝመት መለኪያ፣ ርቀት በማይል፣ ክብደት በፓውንድ የሚቀርብበት ረጅም የእንግሊዝኛ ጥያቄ ነው። እኛ በሜትርና በኪሎ ያደግን ሰዎች ነን። አንድ ፊት 12 ኢንች መሆኑን ሳያውቁ መግባት ነጥብ መጣል ነው።

ከምደባው በፊት ግን ምን እንደምታጠኑ ወስኑ። ነርሲንግ ለሚያስብ ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ስታቲስቲክስ ነው፤ ምህንድስና ወይም ኮምፒውተር ሳይንስ ለሚያስብ ካልኩለስ ነው። ስታቲስቲክስ ብቻ የሚያስፈልገው ሰው ወደ ካልኩለስ በሚወስደው የአልጀብራ መንገድ ሁለት ሴሚስተር ሲንከራተት አይቻለሁ። አማካሪውን «ለእኔ ዲግሪ የመጨረሻው የሒሳብ ኮርስ የቱ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መንገዱን ከዚያ ወደ ኋላ ቁጠሩት። ኮርሱ ከድጋፍ ክፍል ጋር ጎን ለጎን የሚሰጥበት አሠራር ካለም እሱን ምረጡ፤ ሪሜዲያሉ ውስጥ አንድ ሴሚስተር ከመቀመጥ ይሻላል።

ኩራትም ያስከፍላል። አንድ የሰፈሬ ልጅ «ካልኩለስ ተምሬያለሁ» ብሎ በቀጥታ ገባ፤ ትሪጎኖሜትሪው ግን ከአእምሮው ጠፍቶ ነበር። ክፍሉን ሲያቋርጥ ገንዘብ የሚመለስበት ጊዜ አልፏል። ክፍል መቀየር የሚቀለው በመጀመሪያው ሳምንት ነው።

ጅማ ዩኒቨርሲቲ ጀምራችሁ ያቋረጣችሁ ካላችሁ፣ ውጤታችሁን በገምጋሚ ድርጅት ስታስገመግሙ ኮርስ በኮርስ የሚለውን ምረጡ፤ አጠቃላይ ግምገማ የሒሳብ ክሬዲት አያስገኝም። አብዛኞቹ ገምጋሚዎች ወረቀቱ ከሬጅስትራር ታሽጎ በቀጥታ እንዲደርሳቸው ስለሚፈልጉ፣ ከመነሣታችሁ በፊት ይህን የሚከታተል ዘመድ ወክሉ።

ገና ጅማ ያላችሁ ደግሞ ማኅተም ያረፈበትን ትራንስክሪፕት በሁለት ቅጂ ያዙ። ለሒሳብ መጽሐፍ ቦታ ከተረፋችሁ የ12ኛውን ተዉት፤ የ9ኛውን ክተቱ።