ውሻው እያከከ እንቅልፍ ሲነሳችሁ፦ ከቁንጫ እስከ ምግብ አለርጂ

ውሻ ሁሉ ያካል። ችግር የሚሆነው ሌሊቱን ሙሉ ሲያክ፣ ፀጉሩ ሲረግፍ፣ ቆዳው ሲቀላና ሲሸት ነው። ያኔ አብዛኛው ሰው አንድ መልስ አለው፤ «እከክ ይዞታል!» ቀጥሎ የበግ መድኃኒት ይወጣል። ሰሜን ሸዋ የበግ አገር ስለሆነ መድኃኒቱ ሩቅ አይደለም። ግን ጠርሙሱን ከመክፈታችሁ በፊት ውሻውን ትንሽ ተመልከቱት። የቱን ቦታ ነው የሚያከው? የምርመራው ግማሽ እሱ ነው።

ወገቡንና የጭራውን ሥር የሚነክስ ከሆነ

መጀመሪያ ቁንጫን ጠርጥሩ። ከወገቡ እስከ ጭራው ሥርና የኋላ ታፋው ላይ ፀጉሩ ከሳሳ፣ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው እሱ ነው። «አገላብጬ አየሁት፣ አንድም የለበትም» ማለት ነጻ አያወጣውም። ለቁንጫ ምራቅ አለርጂ ያለበትን ውሻ ለማሳበድ ጥቂት ንክሻ ይበቃል።

ማጣሪያው ቀላል ነው። እርጥብ ነጭ ሶፍት ከሥሩ አንጥፉና የወገቡን ፀጉር በማበጠሪያ ወይም በጣታችሁ አራግፉ። የተፈጨ ቁንዶ በርበሬ የሚመስል ጥቁር ፍርፋሪ ይወድቃል። አፈር ከሆነ ጥቁር እንደሆነ ይቀራል። ዙሪያው ቀላ ያለ ቡናማ ሆኖ ከተሰራጨ ግን የቁንጫ ኩስ ነው፤ ማለትም የተፈጨ የውሻው ደም።

«እኛ ደጋ ነን፣ ብርዱ ይገድለዋል» የሚል ሰው አይጠፋም። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ብትሆንም ቁንጫው የሚኖረው ውጭ ውርጩ ላይ አይደለም። ውሻው በሚተኛበት ገለባ፣ በምድጃው ጥግ፣ በአፈር ወለሉ ስንጥቅ ውስጥ ነው። ወደ ሸዋ ሮቢት ከወረዳችሁ ደግሞ ሙቀቱ ራሱ ያራባዋል፤ መዥገርም ይጨመራል። ውሻው ላይ የምታዩት አዋቂ ቁንጫ ከጠቅላላው 5 በመቶ ያህል ብቻ ነው። የቀረው እንቁላል፣ እጭና ኩብኩባ ሆኖ ቤት ውስጥ ተኝቷል። ስለዚህ ውሻውን ብቻ ማጠብ ልፋት ነው። ገለባውን አውጥታችሁ አቃጥሉ፣ ጨርቁን በፈላ ውሃ እጠቡ፣ ወለሉን ደጋግማችሁ ጥረጉ። ለውሻ የተሠራ የቁንጫ መድኃኒት በቤቱ ላሉት ውሾች ሁሉ ስጡ፤ ቢያንስ ለ3 ወር ሳታቋርጡ። ድመት ካላችሁ ተጠንቀቁ፤ ፐርሜትሪን ያለበት የውሻ መድኃኒት ድመት ይገድላል።

የጆሮው ጠርዝ፣ ክርኑና ሆዱ ከሆነ

እዚህ ላይ «እከክ» የሚለው ግምት ትክክል ሊሆን ይችላል። የጆሮውን ጠርዝ በሁለት ጣት ያዙና እሹት። የኋላ እግሩ ወዲያው በአየር ላይ ማከክ ከጀመረ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ከቤተሰቡም ክንዱን ወይም ሆዱን የሚያሳክከው ሰው ካለ ይበልጥ ይጠነክራል፤ ይሄ እከክ ወደ ሰው ይሻገራልና።

የእንስሳት ሐኪም ቆዳውን ፍቆ በማይክሮስኮፕ ያየዋል። ተባዩ በቀላሉ ስለማይገኝ ምርመራው ባዶ ቢሆንም በምልክቱ ብቻ ሊያክም ይችላል፤ አትገረሙ። ከታመመው ጋር የሚውሉት ውሾች ሁሉ አብረው መታከም አለባቸው።

አሁን ወደ ጠርሙሱ እንመለስ። ለበግ የሚረጨው ዲያዚኖን በግምት ተበጥብጦ ውሻ ላይ ሲፈስ መርዝ ነው። ውሻው ይልሰዋል፤ ለሃጩ ይዝረከረካል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ሊሞትም ይችላል። አይቨርሜክቲን ውሻን ለማከም ያገለግላል፤ ነገር ግን ለከብትና ለበግ የሚሸጠው በጣም የተከማቸ ስለሆነ ትንሽ የመጠን ስህተት ብዙ ነው። በተፈጥሯቸው ጨርሶ የማይችሉት የውሻ ዝርያዎችም አሉ፤ የእረኛ ውሻ ደም ያለባቸው በተለይ። መጠኑን የሚወስነው ሐኪሙ እንጂ የገበያ ወሬ አይሁን። የተቃጠለ የሞተር ዘይትና ናፍጣ ስለመቀባትማ ባናወራ ይሻላል። ቆዳውን ያቃጥላል፣ ሲልሰው ውስጡን ይመርዛል፣ ተባዩም እንዳለ ነው።

ቡችላ ሆኖ ፊቱ ላይ ሳያሳክከው ፀጉሩ በየቦታው የሚረግፍ ከሆነ ሌላ ዓይነት ተባይ ነው፤ ብዙ ጊዜ በራሱ ይድናል። ክብ ሆኖ ጠርዙ ቅርፊት ከያዘ ጭርት ይሆናል፤ ልጆች እንዳያቅፉት።

መዳፉን የሚልስና ጆሮው የሚሸት ከሆነ

ዋናው ጣጣ ያለው እዚህ ነው። ውሻው መዳፉን እንደ ከረሜላ ይልሳል፤ ነጭ ፀጉር ካለው ከምራቁ የተነሳ የዝገት ቀለም ይይዛል። ጆሮው ውስጡ ይቀላል፣ ይሸታል። ብብቱና ብሽሽቱ ይቆስላል። ቁንጫውንና እከኩን አጣርታችሁ ከጨረሳችሁ የሚቀረው አለርጂ ነው፤ ወይ የአካባቢ (አቧራ፣ የሣር ብናኝ)፣ ወይ የምግብ።

የአካባቢው አብዛኛውን ጊዜ ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት ባለው ዕድሜ ይጀምራል፤ በወቅት ሲብስና ሲቀንስም ይታያል። የምግቡ ወቅት አይመርጥም። አንዳንዴ ማስቀመጥ፣ ማስታወክ ወይም ሆድ መንፋት አብሮት ይመጣል። «ስንት ዓመት የበላውን ምግብ ነው እኮ!» የሚለው መከራከሪያ አይሠራም። አለርጂ የሚመጣው ሰውነቱ በሚያውቀው ምግብ ነው።

የትኛው ምግብ? በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የጥናቶች ግምገማ የምግብ አለርጂ የተረጋገጠባቸውን 297 ውሾች ቆጥሮ ነበር። የበሬ ሥጋ 34 በመቶውን፣ የወተት ተዋጽኦ 17፣ ዶሮ 15፣ ስንዴ 13፣ በግ 5 በመቶውን አስቸግሯል። ዝርዝሩን የኛ አገር ውሻ ከሚበላው ጋር አስተያዩት። የሉካንዳ አጥንት በሬ ነው። አጓት የተፈተፈተበት ቂጣ ወተት ነው፤ ቂጣው ራሱ ስንዴ ሊሆን ይችላል። ቁስሉ ላይ ቅቤ ከቀባችሁለትም ቅቤው በምላሱ ገባ።

ለምግብ አለርጂ የሚታመን የደም ምርመራ የለም። ያለው መንገድ የተጠረጠረውን ሁሉ ለ8 ሳምንት አቁሞ ማየት ነው፤ የምግብ አለርጂ ካለባቸው ውሾች ከ10 ውስጥ 9ኙ በዚህ ጊዜ ለውጥ ያሳያሉ። 8 ሳምንት 56 ቀን ነው። ሁዳዴ ደግሞ 55። ለጾመኛ ቤት ግማሹ ሥራ በቀን መቁጠሪያው ተሠርቷል ማለት ነው፤ ሉካንዳው ዝግ ነው፣ ወተቱም እንቁላሉም ከማዕድ ጠፍቷል። ስለዚህ ራሳችሁን ጠይቁ፦ ባለፈው ሁዳዴ ውሻው ቀለል ብሎት ነበር? ከፋሲካ በኋላስ ባሰበት? መልሱ «አዎ» ከሆነ ለሐኪሙ የምትነግሩት ትልቅ ፍንጭ አገኛችሁ። ፍልሰታ 15 ቀን ብቻ ስለሆነ ለዚህ አይበቃም።

ፍንጭ ግን ማስረጃ አይደለም። በጾሙም ስንዴ ዳቦ ሲበላ ከነበረ ስንዴ ገና አልተፈተነም። የጾም ሽሮና ወጥ ደግሞ ለሙከራ ቀርቶ ለአዘቦትም አይሆነውም፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ደም ይጎዳሉ።

በትክክል ለመሞከር ውሻው በልቶት የማያውቅ አንድ ፕሮቲንና አንድ ማጠገቢያ ምረጡ። እንቁላል ቀምሶ የማያውቅ ከሆነ የተቀቀለ እንቁላልና የተቀቀለ ድንች ይሆናል። ዓሣ ካገኛችሁም ጥሩ ነው። ጨው፣ ዘይት፣ በርበሬ የለም። ፍየል አትቸኩሉበት፤ ከበሬና ከበግ ጋር የሚመሳሰል ነገር አለው። እናታችሁ በሁዳዴ እንቁላል በጾሙ ድስት እንደማይቀቀል ይነግሯችኋል፤ ለውሻው የራሱን አሮጌ ድስት ለዩለት። ይሄ ምግብ ለጤናማ አዋቂ ውሻ ለ8 ሳምንት እንጂ ለዘለቄታው አይሆንም፤ ካልሲየም ይጎድለዋል። ለቡችላና ለእርጉዝ ሐኪም ሳታማክሩ አትጀምሩ።

ሙከራው የሚበላሸው በአጥር ቀዳዳ ነው። ውሻው ሲለቀቅ የጎረቤት ትራፊ ይበላል፣ የበግ እንግዴ ልጅ ያገኛል። ልጆች ዳቦ ይወረውሩለታል። አንድ ጉርሻ ቆጠራውን ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ስለዚህ አጥር ውስጥ ያዙት፣ ጎረቤትም ይወቅ። የማሳከክ ማስታገሻ መርፌ ከተወጋ ደግሞ የተሻለው በምግቡ ይሁን በመርፌው አይለይም፤ ጊዜውን ከሐኪሙ ጋር ተነጋገሩ። ቆዳው የሚሸትና የሚያዥ ከሆነ ፈንገስ ወይም ባክቴሪያ ገብቶበታልና መጀመሪያ እሱ ይታከም፤ አለበለዚያ ምግቡ ቢስማማውም ማከኩ አይቆምም።

ተሻለው እንበል። ፋሲካ ደረሰ፤ ዶሮው፣ እንቁላሉ፣ ቅቤው፣ በጉ በአንድ ቀን ይመጣሉ። ሁሉንም ካበላችሁት የትኛው እንደጎዳው አታውቁም። በዓሉን ከሙከራው ምግብ ሳይወጣ ይዋል። ከዚያ መጀመሪያ የበሬ ሥጋ ብቻ ለ2 ሳምንት ጨምሩለት። ማከኩ ከተመለሰ አቁሙና እስኪረጋጋ ጠብቁ። ቀጥሎ ወተት፣ ቀጥሎ ዶሮ፣ ቀጥሎ ስንዴ፣ እያንዳንዱን ለብቻው። ሲያስጨንቅ ለሰው የምትወስዱትን አይቡፕሮፌን ወይም ዲክሎፌናክ አትስጡት፤ ውሻን ይመርዛሉ። ፊቱ በድንገት ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረው ይሄ መጠበቅ የለበትም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም።

በሬው ጥፋተኛ ሆኖ ወደ በግ ከዞራችሁ፣ በጉንም እንደሌሎቹ ለ2 ሳምንት ፈትኑት፤ አብስላችሁም ስጡት። ስታርዱ ውሃ የቋጠረ ሳንባ ወይም ጉበት ካገኛችሁ ለውሻው አትጣሉለት፤ ውስጡ ያለው ትል በውሻው አልፎ ሰው ጋ ይደርሳል። አቃጥሉት ወይም ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቅ ጉድጓድ ቅበሩት።