ከጡረታ በኋላ በቤት መኪና ዘመድ ጥየቃ እንዴት ይደረጋል?

መኝታ፣ ማብሰያና መጸዳጃ በውስጡ ያለው መኪና፣ ማለትም ቤት መኪና፣ ለጡረተኛ ባልና ሚስት የሚሰጠው ትልቁ ጥቅም አገር ማሳየቱ ሳይሆን የሰው አልጋ ሳያስለቅቁ በሰው ደጃፍ ለማደር ማስቻሉ ነው። ይህ ጥቅም የሚገኘው ግን ጉዞው ከመነሻው ለጥየቃ ተብሎ ሲታቀድ ነው። ለሽርሽር በወጣ እቅድ መሃል ዘመድ የሚሰካ ከሆነ ጊዜው በመንገድ ያልቅና ለሰዎቹ የሚተርፈው የሰላምታና የስንብት ሰዓት ብቻ ይሆናል።

ስለዚህ ካርታ ከመዘርጋቱ በፊት የስም ዝርዝር ይጻፍ። ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ የሰውየው ዕድሜና ጤና፣ ሥራ ላይ ካለ የእረፍት ቀኑ፣ የልጅ ልጆች ካሉ ደግሞ ትምህርት ቤት የሚዘጋበት ጊዜ ይስፈር። ብዙዎች ከቅርቡ ጀምረው ወደ ሩቁ ይሄዳሉ፤ እኔ ግን መንገዱ ቢጠማዘዝም በዕድሜ የገፋው ወይም የታመመው ወዳጅ አስቀድሞ ቢጠየቅ ይሻላል እላለሁ። ጤነኛው የወንድም ልጅ ለመጪው ዓመትም ይደርሳል፤ ነዳጅ ለመቆጠብ ሲባል ወደ መጨረሻ የተገፋው በሽተኛ ግን ላይደርስ ይችላል።

ቀጠሮ በስልክ ሲያዝ የመምጫው ቀን ብቻ ሳይሆን የመሄጃውም ቀን አብሮ ይነገር። እንግዳ መቼ እንደሚሄድ የማያውቅ ባለቤት፣ ምንም ያህል ቢወድ፣ ሥራውን ማቀድ አይችልም። ሁለት ወይም ሦስት ሌሊት ለአብዛኛው ቤት ይበቃል። አዛውንት ወዳጅን ሲጠይቁ ደግሞ ቀኑን ሙሉ አብሮ ከመዋል ይልቅ ጠዋት ለአንድ ወይም ለሁለት ሰዓት ያህል ተጫውቶ፣ እሱ ጋደም ሲል ወደ መኪናው ተመልሶ፣ ወደ ማታ ዳግም ብቅ ማለት ሁለቱንም ወገን አያደክምም።

በመንገድ ላይ በቀን ከአራት ሰዓት በላይ ባይነዳ መልካም ነው። ከአራት ሰዓት በላይ የሚዘልቅ ጉዞ ሳይንቀሳቀሱ ለተቀመጡ ሰዎች በእግር ደም ሥር ውስጥ ደም የመርጋት አደጋን ስለሚጨምር፣ በየአንድ ወይም ሁለት ሰዓቱ ቆሞ መንሸራሸር ያስፈልጋል። ሳይጨልም መድረስም ግዴታ ሊባል የሚገባው ነገር ነው፤ ረጅም መኪናን በማያውቁት ግቢ በጨለማ ማቆም ለወጣትም አይመችም። መንዳቱን የሚችለው ከሁለቱ አንዱ ብቻ ከሆነ ሌላው ከጉዞው በፊት ይለማመድ። በብዙ አገሮች ተራው የመንጃ ፈቃድ የሚያገለግለው አጠቃላይ ክብደታቸው እስከ 3,500 ኪሎ ግራም ለሆነ መኪኖች ስለሆነ፣ ከዚያ የሚከብድ መኪና ያላቸው ፈቃዳቸውን አስቀድመው ይመልከቱ።

ቤት መኪና ብዙውን ጊዜ ቆሞ ስለሚከርም ጎማው ከመበላቱ በፊት ያረጃል። በጎማው ጎን ላይ ከተጻፈው ኮድ የመጨረሻዎቹ አራት ቁጥሮች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ያመለክታሉ፤ ለምሳሌ 2319 ማለት እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ማለት ነው። ንፋሱ የሚለካው ጎማው ሳይሞቅ፣ ጠዋት ከመነሳት በፊት ነው። ክብደትም ችላ አይባል። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ግራም ስለሚመዝን፣ 150 ሊትር የሚይዘውን ማጠራቀሚያ ሞልቶ መጓዝ ሁለት ሰው ጨምሮ እንደመጫን ነው፤ ዘመድ ጥየቃ ደግሞ በየደጃፉ ስጦታ ያስጭናል። የመኪናው ከፍታ በወረቀት ተጽፎ ከመሪው ፊት ይለጠፍ፤ በዝቅተኛ ድልድይ ሥር ጣሪያውን የሚያጣ የሚበዛው ቁጥሩን ረስቶ ነው።

በአስተናጋጁ ግቢ መቆም ግን ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚጠይቀው ክፍል ነው። ከመድረሱ በፊት የበሩ ስፋት፣ የመግቢያው ዳገት፣ የዛፍ ቅርንጫፍና የኤሌክትሪክ ሽቦ ከፍታ፣ እንዲሁም መሬቱ ዝናብ ሲመታው መስመጥ አለመስመጡ ይጠየቅ፤ ከተቻለ ፎቶ ይላክ። የፍሳሽ ጉድጓድ ክዳን ላይ በፍጹም አይቆምም። ኤሌክትሪክ ከቤቱ ሲሳብ ተራ ሶኬት የሚችለው ጥቂት ኃይል መሆኑ ይታሰብ፤ የአየር ማቀዝቀዣና የማብሰያ ምድጃ አብረው ከተለኮሱ የባለቤቱ ቤት መብራት ይጠፋል። የተጠቀለለ ማራዘሚያ ገመድ ብዙ ኃይል ሲያልፍበት ስለሚግልና ሊቃጠል ስለሚችል ሙሉ በሙሉ ይዘርጋ። የመጸዳጃም ሆነ የማጠቢያ ፍሳሽ፣ «ግድ የለም እዚያው ድፉት» ቢባልም፣ በግቢው አይደፋም፤ ወደ ተፈቀደ ማራገፊያ ተወስዶ መጀመሪያ የመጸዳጃው፣ ቀጥሎ የማጠቢያው ይለቀቃል፤ ሁለተኛው ቱቦውን ያጥበዋል።

መኪናው በተስተካከለ ቦታ መቆሙ ለእንቅልፍ ብቻ አይደለም። በጋዝ የሚሠራ ማቀዝቀዣ መኪናው ዘንበል ካለ በደንብ አይሠራም፤ ያልተከፈተ ኢንሱሊን ደግሞ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ መቀመጥ አለበት። ስለዚህ ትንሽ ቴርሞሜትር በማቀዝቀዣው ውስጥ ይኑር። መድኃኒቶች በየራሳቸው መያዣ፣ ከማዘዣው ቅጂ ጋር ይያዙ። ጋዙ በጉዞ ላይ ከሲሊንደሩ ይዘጋ። በሲሊንደሩ ያለው ፕሮፔን የተባለው ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ የጋዝ ጠቋሚው ከወለሉ አጠገብ ይተከል፤ ሽታ ስለሌለው መርዛማ ጋዝ፣ ስለ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ የሚያስጠነቅቅ መሣሪያም ከመኝታው አቅራቢያ ይኑር።

የመነሻው ጠዋት ላይ ስንብቱ ስለሚያዘናጋ፣ ፍተሻው ከስንብቱ በፊት ይጠናቀቅ። አንዱ የጣሪያ መስኮቱን፣ ደረጃውንና የኤሌክትሪክ ገመዱን ሲያይ ሌላው መኪናውን ዞሮ ጎማ ሥር የተቀረቀረውን እንጨት ያውጣ፤ ከዚያ ቁልፉን የያዘው ሁሉንም ደግሞ ይይ። ሞተሩ ከመነሳቱ በፊትም በዝርዝሩ ላይ ላለው ቀጣይ ሰው ይደወልለት።