ፖምፓው ከመውረዱ በፊት፦ የናፍጣ መኪና የነዳጅ ፓምፕ መበላሸቱን እንዴት እናረጋግጣለን?

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወጣ ሹፌር ሁሉ የሐረጎን ዳገት ያውቃል። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ግን ከ1,850 ሜትር አካባቢ ተነስቶ ወደ 2,500 ሜትር ግድም ያወጣችኋል። ሜዳ ላይ ደህና ሲሄድ የነበረ መኪና ዳገቱ መሃል ጉልበት ያጣል። በሦስተኛ ማርሽ ይወጣ የነበረው በአንደኛ ያቃስታል። አንዳንዴም ጭራሽ ቀጥ ይላል። ያኔ ከረዳቱ ጀምሮ እስከ አላፊ አግዳሚው ሁሉም አንድ ነገር ይላል፦ «ፖምፓው ነው።»

የአጎቴ የጭነት መኪና በዚህ ሰበብ ፖምፓው ሁለት ጊዜ ወርዷል። ሁለቴ ተከፈለ፤ ሁለቴም ሐረጎ ላይ ቆመ። በመጨረሻ የተገኘው ጥፋት ታንኩ አጠገብ፣ ፋሼታው (ቱቦውን የሚያጠብቀው ቀለበት) ሥር የተሰነጠቀ የጎማ ቱቦ ነበር። ስንጥቁ ጥፍሬን አያክልም። ናፍጣ አያንጠባጥብም፤ አየር ብቻ ነበር የሚስበው። አጎቴ ያን ብር በስንት ሌሊት ጉዞ እንዳጠራቀመው ስለማውቅ እስካሁን ያንገበግበኛል። ስለዚህ ፖምፓ ከማስፈታታችሁ በፊት እነዚህን ነገሮች በተራ ሞክሩ። አብዛኛው በእጅ የሚሠራ ነው።

የትኛው ፓምፕ?

ናፍጣ መኪና ላይ ብዙ ጊዜ ሁለት ፓምፕ አለ። አንዱ ናፍጣውን ከታንክ የሚያመጣው ትንሹ ነው። ሌላው ዋናው ፖምፓ ነው፤ ናፍጣውን በከፍተኛ ግፊት ለኖዝሎቹ፣ ማለትም ናፍጣ ወደ ሲሊንደር ለሚረጩት፣ ያድላል። ትንሹ በአንዳንዱ መኪና ታንክ ውስጥ ይቀመጣል፤ በአንዳንዱ ከፖምፓው ጎን ይታሰራል፤ በሌላው ደግሞ እዚያው ፖምፓው ሆድ ውስጥ ነው።

ከዚያ ደግሞ መኪናችሁ የድሮው ዓይነት ነው ወይስ ኮመን ሬይል? ኮፈኑን ክፈቱ። ከፖምፓው ለእያንዳንዱ ኖዝል የየራሱ ቀጭን የብረት ቱቦ ከሄደ የድሮው ነው። ሁሉም ኖዝሎች ከአንድ ወፍራም የብረት ቱቦ ከተቀበሉ፣ በየኖዝሉ ላይም የኤሌክትሪክ ሽቦ ካለ ኮመን ሬይል ነው። በኮመን ሬይል ላይ ሞተሩ እየሠራ የነዳጅ ዳዶ አትንኩ። ግፊቱ ከ1,600 ባር ሊያልፍ ይችላል። እንዲህ የሚረጭ ናፍጣ ቆዳ በስቶ ሥጋ ውስጥ ይገባል። የሚያፈስ ቦታ ስትፈልጉም በእጃችሁ አትዳብሱ፤ ካርቶን አስጠጉበት።

1. ጭሱን ተመልከቱ

አንድ ሰው ሞተሪኖውን (የሞተር ማስነሻውን) ያዙር፤ እናንተ ከኋላ የጭስ ማውጫውን እዩ። ሞተሪኖው በደንብ እያዞረ ምንም ጭስ ካልወጣ ናፍጣ ወደ ሲሊንደሩ እየደረሰ አይደለም። ነጭ ጭስ ከወጣ ናፍጣው ደርሷል፤ አልነደደም ማለት ነው። በደሴ የጠዋት ብርድ መጀመሪያ ማሞቂያ ካንዴላዎቹን ጠርጥሩ።

ጥቁር ጭስስ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ደሴ ላይ አየሩ ስስ ነው። ቆላ ላይ ጥሩ የነበረ፣ በተለይ ቱርቦ የሌለው መኪና፣ ደጋ ሲወጣ ጉልበቱ ቢቀንስና ቢጠቁር የግድ ታሟል ማለት አይደለም። የአየር ፊልትሮውን (ማጣሪያውን) አውጡና አራግፉት፤ ከጠቆረ ቀይሩት።

2. የፊልትሮውን ውሃ በጠርሙስ ተቀበሉ

ናፍጣ ፊልትሮ ሥር ብዙ ጊዜ የውሃ ማውጫ ቡሎን አለ። ንጹህ፣ ውስጡ የሚታይ ጠርሙስ ደግኑና ላላ አድርጉት። ጠርሙሱን አሥር ደቂቃ አስቀምጡና ወደ ብርሃን ያዙት። ናፍጣ ከውሃ ስለሚቀል ውሃው ከሥር ይተኛል፤ መስመሩ በግልጽ ይታያል። ማደያ ጠፍቶ ከመንገድ ዳር በጀሪካን የተገዛ ናፍጣ ከሆነ ይህን አትዝለሉ። የብዙ መኪና ፖምፓ የሚለሰልሰው በራሱ በናፍጣው ነው። ውሃ ወይም ነጭ ጋዝ ሲቀላቀልበት ብረት ከብረት ይፋጫል።

ጠርሙሱ ሥር የሚያብለጨልጭ የብረት ብናኝ ካያችሁ ሞተሩን አታስነሱ። ያ ፖምፓው ራሱን እየበላ እንደሆነ የሚያሳይ ምልክት ነው። በኮመን ሬይል ላይ ደግሞ ብናኙ ወደ ኖዝሎቹ ይወርዳል።

3. የታንኩን ክዳን ክፈቱ

መኪናው ጉልበት ሲያጣ ክዳኑን ክፈቱ። «ፍሽሽ» ብሎ አየር ከሳበና መኪናው ከተሻለው፣ የተደፈነው የክዳኑ መተንፈሻ ነው።

4. የእጅ ፓምፑን ጫኑ

ፊልትሮው ላይ ወይም ፖምፓው ጎን በእጅ የሚጫን ፓምፕ ካለ ደጋግማችሁ ጫኑት። ቀስ በቀስ እየጠነከረ ከሄደ ጥሩ ነው። ምንም ያህል ብትጫኑት ከላላ አየር እየገባ ነው። ተጫነና አልመለስ ካለ ደግሞ ከእሱ ወደ ታንክ ባለው መንገድ ላይ የተደፈነ ነገር አለ፤ ታንኩ ውስጥ ያለችው ወንፊት ጭምር።

5. የጀሪካን ሙከራ

ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይሄ ነው። የአጎቴን ብር ያድን የነበረውም ይሄ ነበር። የሚሠራው ፖምፓቸው ራሱ ለሚስብ የድሮ መኪናዎች ነው።

አምስት ሊትር ንጹህ ናፍጣ በጀሪካን ያዙ። ከፊልትሮ ወደ ፖምፓው የሚገባውን ቱቦ ንቀሉ። በቦታው ውስጡ የሚታይ የፕላስቲክ ቱቦ አስገቡና በፋሼታ አጥብቁ፤ ሌላኛውን ጫፍ ጀሪካኑ ውስጥ ንከሩ። ወደ ታንክ የሚመለሰውንም ቱቦ በሌላ ቱቦ ወደ ጀሪካኑ መልሱት። ጀሪካኑ ከፖምፓው ከፍ ይበል፤ ከቺንጊያውና ከጋለው ጭስ ማውጫ ይራቅ። አየሩን አስወጥታችሁ አስነሱ።

አሁን ቱቦውን እዩ። መጀመሪያ ጥቂት አረፋ ያልፋል፤ ከዚያ ናፍጣው እንደ ሻይ ጠርቶ መሄድ አለበት። መኪናው በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ቀጥ ብሎ ከሠራ፣ ነዳጅ ስትሰጡትም ሳያነክስ ከተነሳ፣ ፖምፓው ነጻ ነው። ጥፋቱ ከታንክ እስከ ፊልትሮ ባለው መንገድ ላይ ነው፤ እያንዳንዱን ቱቦና ፋሼታ በጣታችሁ እያጠፋችሁ ፈትሹ። ናፍጣው ጠርቶ እየገባም መኪናው ከታመመ ጥርጣሬው ወደ ፖምፓውና ወደ ኖዝሎቹ ይሄዳል።

6. «ጠቅ» የሚለውን ስሙ

ብዙ የድሮ ፖምፓ ላይ ናፍጣ የሚዘጋና የሚከፍት በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማቋረጫ አለ። ቁልፉን ክፈቱ፤ ሞተሪኖ አታዙሩ። ሽቦውን ንቀሉና መልሳችሁ አስነኩት። «ጠቅ» ካላለ፣ ሽቦው ላይ የባትሪው ቮልት መድረሱን ለኩ። እየደረሰ ዝም ካለ የሚቀየረው ማቋረጫው ብቻ ነው።

7. ሲቀዘቅዝ እሺ፣ ሲሞቅ እንቢ

ሰኞ ባቲ ገበያ ወርዳችኋል እንበል። መኪናው ደሴ ላይ በጠዋት ባንዴ ተነስቷል። ባቲ ሙቀት ላይ አቁማችሁ ቡና ጠጥታችሁ ስትመለሱ ሞተሪኖው ይዞራል፣ ይዞራል፤ አይነሳም። ከሰዓት በኋላ በረድ ሲል ምንም እንዳልሆነ ይነሳል።

አንድ ጨርቅ በውሃ ነክራችሁ ፖምፓው ላይ ጠቅልሉ፤ አሥራ አምስት ደቂቃ ጠብቁ። ቀዝቃዛ ውሃ ግን አትድፉበት፤ የጋለ ብረት ባንዴ ሲኮማተር ተጣብቆ ሊይዝ ይችላል። ጨርቁ ካበረደው በኋላ ባንዴ ከተነሳ ፖምፓው ውስጡ ተበልቷል ለማለት ጥሩ ማስረጃ አገኛችሁ። ናፍጣ ሲሞቅ ይቀጥናል፤ በተበላው ክፍተት ሾልኮ ያመልጣል። ሞተሪኖ በሚያዞረው ፍጥነት ግፊቱ አይሞላም።

ኮመን ሬይል ከሆነ

እዚህ ላይ በእጅ መሞከሩ ብዙ አያስኬድም። በኮምፒውተር የሚመረምር ጋራዥ ሂዱና ሞተሪኖ ሲዞር ያለውን የሬይል ግፊት እንዲያሳዩዋችሁ ጠይቁ። ለመነሳት ብዙዎቹ 200 ባርና ከዚያ በላይ ይፈልጋሉ። ግፊቱ ካልወጣ ወዲያው «ፖምፓ» አትበሉ። ከየኖዝሉ የሚመለሰውን ናፍጣ በየጠርሙሱ አስለኩ፤ አንዱ ከሌሎቹ በጣም ከበለጠ ግፊቱን የሚያፈሰው እሱ ነው።

ለሁሉም ዓይነት መኪና የዘይት መለኪያውን መዛችሁ አሽትቱ። ዘይቱ ከመስመሩ በላይ ከጨመረና ናፍጣ ናፍጣ ከሸተተ፣ ከፓምፑ ወይም ከኖዝል በኩል ናፍጣ ወደ ሞተሩ እየገባ ሊሆን ይችላል። ዘይቱ ስለቀጠነ አትንዱት፤ አስጎትቱ።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ ጣት ወደ ፖምፓው ካመለከተ፣ አብሽሩ፣ ይሠራል። ግን ከመፈታቱ በፊት በመፈተሻ ማሽን ላይ እንዲታሰርና ልኩ እንዲጻፍላችሁ ጠይቁ፤ ከተሠራም በኋላ እንዲሁ። የተቀየረውን ዕቃ አሮጌውን ተቀበሉ። ፖምፓው ተመልሶ ከመታሰሩ በፊት ደግሞ ታንኩን አሳጥቡ፤ ፊልትሮውንም በአዲስ ቀይሩ።