ሱባ ጫካ ዳር ለማደር ስትመጡ የምትሠሯቸው ስህተቶች

ከሰበታ ወጣ ብሎ፣ የመናገሻ ሱባ ደን ጥግ ላይ፣ አራት ክፍል ያላት ማረፊያ ቤት ከታላቅ እህቴ ጋር እናስተዳድራለን። ሰው ሁሉ «ፓርኩ» ነው የሚለው። እውነቱን ለመናገር ብሔራዊ ፓርክ ሳይሆን የመንግሥት ደን ነው፤ ግን ጉሬዛውም ድኩላውም ወረቀቱን አይተው ስለማያውቁ እኛም ከእንግዳ ጋር አንከራከርም። ባለፈው ቅዳሜ ማታ እንደገና ጭቃ ውስጥ ቆሜ የሰው መኪና ስገፋ ግን በቃ፣ ይሄን ነገር ልጻፈው አልኩ።

መጀመሪያ የመንገዱን ነገር ልጨርስ። ከአዲስ አበባ እኛ ጋ ወደ 45 ኪሎ ሜትር ነው። ይሄን ቁጥር ሰምቶ «አንድ ሰዓት ናታ!» የማይል ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። አርብ ከሥራ ወጥተው 11 ሰዓት ተኩል ላይ ከሜክሲኮ ይነሳሉ። ጦር ኃይሎች ዝግ ነው። አየር ጤና ዝግ ነው። ዓለም ገና ሲደርሱ ይመሻል፣ ሰበታ ላይ ከፊትም ከኋላም ሲኖ ትራክ ነው፣ ልጆቹ ርቧቸው ያለቅሳሉ፣ ይሄኔ ባልየው ደውሎ «እህቴ፣ ደርሰናል እኮ፣ ትንሽ ነው የቀረን» ይለኛል። አልደረሳችሁም! ገና መንገዱን አልጀመራችሁትም። መንገዱ የሚጀምረው አስፋልቱ ሲያልቅ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ፒስታ በበጋ አቧራና ድንጋይ ነው፣ በክረምት ደግሞ መረሬ አፈር ነው፣ መረሬ ደግሞ ሲርስ ሳሙና ማለት ነው። የመንገድ መብራት የለም። ምልክት የለም። በቀን ሃያ ሰው አቁማችሁ ትጠይቃላችሁ፤ በማታ የምታገኙት ጅብ ነው፣ እሱ ደግሞ አቅጣጫ አያሳይም።

ሁለት ዓመት ሆኖታል፣ ወሩ ሐምሌ ነው። አባት፣ እናት፣ ሁለት ልጆች፣ በዚያ ላይ አማት፣ ሁሉም በአንዲት ቪትዝ ታጭቀው ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ማጥ ውስጥ ገቡ። ባትሪ ይዤ ስደርስ አባትየው ነዳጅ እየረገጠ ነው፤ በረገጠ ቁጥር ጎማው ይሽከረከራል፣ መኪናው ይሰምጣል። አማትየው ከኋላ ወንበር ሆነው ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጥለው ውዳሴ ማርያም ይደግማሉ። ስድስት ሆነን ገፋን፣ አልሆነም። መጨረሻ ላይ ጎረቤታችን ጥማድ በሬዎቻቸውን ከጋጣ አውጥተው፣ በገመድ አስረው፣ እየጮኹ ጎትተው አወጧት። አባትየው ብር ሲያወጣ ሰውየው እጁን መለሱትና በኦሮምኛ አንድ ነገር ጠየቁት። ተርጉሚልኝ አለኝ። «ለምንድን ነው በቀን ያልመጣችሁት?» ነው ያሉት። መልስ አልነበረውም።

ስለዚህ ስትደውሉ «መንገዱ እንዴት ነው?» አትበሉ። በእግሩና በፈረስ ለሚሄድ ሰው መንገዱ ሁልጊዜ «ምንም አይልም»። ጥያቄው እንዲህ ነው፤ ትናንት ዝናብ ጥሏል? በዚህ ሳምንት እንደ እኔ ያለች መኪና እናንተ ጋ ደርሳ ተመልሳለች? ይሄን ከጠየቃችሁ እውነተኛ መልስ ታገኛላችሁ። ቢዘገይ ቢዘገይ 10 ሰዓት ላይ ከአስፋልቱ መውረድ አለባችሁ። በክረምት ዝቅ ያለች መኪና ካላችሁ ሰበታ አቁማችሁ ደውሉልን፣ ከፍ ያለ መኪና እንልካለን። አርብ ማታ ካልሆነ አይመቸንም የምትሉ ደግሞ ቤታችሁ እደሩና ቅዳሜ ጠዋት በ12 ሰዓት ውጡ፤ ቁርስ እኛ ጋ ትበላላችሁ።

ልብስ። አዲስ አበባም ደጋ ናት፣ ብርድ እናውቃለን ትላላችሁ። ከአናታችን ያለው የወጨጫ ተራራ ጫፉ 3,385 ሜትር ነው፤ ሌሊት ቀዝቃዛው አየር ከላይ እየተንሸራተተ እኛ ላይ ይተኛል፣ ከጥቅምት ጀምሮ ደግሞ ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ የሚታይበት ቀን አለ። ካልሲ ያዙ። በነጠላ ጫማ መጥተው የእህቴን ካልሲ ለብሰው የሄዱ እንግዶች አሉ፤ ራሳቸውን ያውቃሉ፣ እሷም ታስታውሳቸዋለች።

ከብርዱ የሚመጣው ሌላው ስህተት ግን አያስቅም። የከሰል ምድጃ ወደ መኝታ ክፍል አታስገቡ። ቡና ለማፍላትም፣ ለመሞቅም፣ «ለአምስት ደቂቃ» ብላችሁም። ሰው የሚፈራው ጭሱን ነው፤ ከሰሉ ቀልቶ ጭሱ ሲጠፋ «አሁን ደኅና ነው» ብሎ በሩን ይዘጋል። የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን አይታይም፣ አይሸትም፣ እንቅልፍ እንደመጣ ሆኖ ነው የሚወስዳችሁ። በመጀመሪያው ዓመት አዲስ ተጋቢዎች መጥተው በረደን ሲሉኝ ምድጃውን አራግቤ ያቀበልኳቸው እኔ ራሴ ነኝ። ጠዋት ባንኳኳ መልስ የለም። ደግሜ ባንኳኳ ከውስጥ አንድ ነገር ሲወድቅ ሰማሁ። በሩን ገፍተን ስንገባ ልጁ ወለሉ ላይ ተቀምጦ ያስመልሰዋል፣ ልጅቷ ዓይኗን መግለጥ አቅቷታል። እየጎተትን በረንዳ ላይ አወጣናቸው። ቀስ በቀስ አየር ሲያገኙ ተሻላቸው፣ ወዲያው ይዘናቸው ሐኪም ቤት ሄድን፣ ተረፉ። እስከዛሬ ያንን በር ሳንኳኳ እጄ ይከብደኛል። አሁን ከእኛ የምታገኙት ተጨማሪ ብርድ ልብስና የሞቀ ውኃ የተሞላ የጎማ ከረጢት ነው፤ ከሰል የሚል ሰው ከእኔ ጋር ይጣላል።

ምግብ በተመለከተ፣ ሜኑ የለንም። ዶሮ ወጥ የምትፈልጉ ከሆነ አንድ ቀን ቀድማችሁ ንገሩን፣ ምክንያቱም ስትደውሉ ዶሮዋ ገና ግቢ ውስጥ እየጫረች ነው። ጾም የምትጾሙም እንደዚያው።

ጥሬ ብር ያዙ። ኔትወርክ ከሌለ በስልክ መክፈል የለም።

ዝንጀሮና ጦጣ አታብሉ። አንዱ እንግዳ ሙዝ ይወረውራል፣ ፎቶ ይነሳል፣ እሑድ ይሄዳል። ሰኞ ዝንጀሮው ሙዙን ፍለጋ በኩሽናችን መስኮት ይገባል። ባለፈው ሙሉ ሞሰብ እንጀራ ይዞብን ጣራ ላይ ወጥቷል። ለጉሬዛ ደግሞ ዳቦ የምትወረውሩ፣ እባካችሁ፤ ጉሬዛ ቅጠል በል ናት፣ ጨጓራዋ እንደ ላም ክፍል ክፍል ያለው ነው፣ ዳቦ የእሷ ምግብ አይደለም። እሷ እንደሆነ ከላይ ሆና ከማየት በቀር ምንም አልጠየቀቻችሁም።

ጫፉ ድረስ እንወጣለን ብላችሁ ከሰዓት በኋላ ያለ አስጎብኚ አትነሱ። ጉሙ ሲወርድ የመጣችሁበት መንገድ ከፊታችሁ ይጠፋል፤ እዚሁ ተወልዳ ያደገችው እህቴ እንኳ አንዴ ጠፍታ የከብት እረኞች ናቸው ያመጧት። መንገድ ላይ ሰው ስታገኙ ደግሞ ዝም ብላችሁ አትለፉ። «አካም ጅርቱ» በሉ። ሁለት ቃል ናት፣ ብዙ በር ትከፍታለች።

ጽድ ላይ ስም መቅረጽ... ይሄንንም ልናገር? ደኑን በ15ኛው ክፍለ ዘመን አጼ ዘርዓ ያዕቆብ ሰሜን ሸዋ ካለው የወፍ ዋሻ ደን ዘር አስመጥተው አስተከሉት ይባላል። ከዚያ ወዲህ ስንት ንጉሥ አልፎ አንዱም ስሙን ግንዱ ላይ አልጻፈም፤ አንተ ግን ከፍቅረኛህ ስም ጋር ልብ ስለህ ትሄዳለህ።

ስፒከራችሁን ቤት ተዉት።

የመጨረሻው ድምፅን የሚመለከት ነው። ሌሊት የምትሰሙትን ሁሉ አውሬ አታድርጉት። ጎህ ሊቀድ ሲል፣ 11 ሰዓት ገደማ፣ ወንዱ ጉሬዛ ያጓራል። ወፍራም፣ የሚንኮራኮር፣ የድሮ ናፍጣ መኪና አልነሳ ሲል የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ ነው፤ አንዱ ሲጀምር ከማዶ ሌላው ይመልስለታል። አምና አንድ ግዙፍ ሰውዬ፣ ሲገባ በሩን ጎንበስ ብሎ የገባ፣ በዚያ ሰዓት ደውሎልኝ በሹክሹክታ «እህቴ፣ አንበሳ ግቢያችሁ ገብቷል፣ እንዳትወጪ» አለኝ። አልጋው በሩ ላይ ተገፍቶ ነበር። ሲነጋ በረንዳ ላይ አውጥቼ ዝግባው ላይ አሳየሁት። ነጭ ጭራዋን አንጠልጥላ ቅጠል ትበላለች። ብዙ ደቂቃ ዝም ብሎ አያት።

«ይህቺ ናት?» አለኝ።