ከፀሐይ ሙቀትና ከሚባክን ሙቀት ለቤት ኤሌክትሪክ ሲያመነጩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በጣሪያ ላይ የሚያርፈው የፀሐይ ሙቀትም ሆነ በምድጃ ጭስ ማውጫ ሽቅብ የሚወጣው ሙቀት ብዙ ነው፤ ብዙ በመሆኑም በቀላሉ ወደ ኤሌክትሪክ የሚለወጥ ይመስላል። ሙከራዎች የሚከሽፉት ግን አብዛኛውን ጊዜ በሙቀት እጥረት ሳይሆን፣ ስለ ሙቁ ጎን ብቻ ታስቦ ቀዝቃዛው ጎን ስለሚዘነጋ ነው።

መሠረታዊው ስህተት የሙቀትን ብዛት በዲግሪ ከሚለካው የሙቀት ደረጃ ጋር ማምታታት ነው። በ200 ሊትር በርሜል የተሞላ የ60 ዲግሪ ሴልሺየስ ውሃ በአንድ ሻማ ነበልባል ውስጥ ካለው እጅግ የበለጠ ሙቀት ይዟል፤ ይሁን እንጂ ነበልባሉ ከ1,000 ዲግሪ በላይ ስለሚግል፣ ከእኩል ሙቀት ብዙ እጥፍ ኤሌክትሪክ ሊሰጥ የሚችለው እርሱ ነው። ፈረንሳዊው መሐንዲስ ሳዲ ካርኖ እ.ኤ.አ. በ1824 እንዳሳየው፣ ማንኛውም የሙቀት ሞተር (ሙቀትን ወደ ሥራ የሚለውጥ ማሽን) ሊያልፈው የማይችል የብቃት ጣሪያ፣ ማለትም ከሙቀቱ ወደ ሥራ ሊለወጥ የሚችል ከፍተኛ ድርሻ፣ አለ፤ ይህን ጣሪያ የሚወስኑትም የሙቁና የቀዝቃዛው ጎን የሙቀት ደረጃዎች ብቻ ናቸው። ለማስላት የቀዝቃዛው ጎን ደረጃ ለሙቁ ጎን ደረጃ ይካፈልና ውጤቱ ከ1 ይቀነሳል። እዚህ ላይ ሴልሺየስን እንዳለ ማስገባት የተለመደ ስህተት ነው። የ90 ዲግሪ ውሃና የ30 ዲግሪ አየር ያለው ሰው በዚያ መንገድ ቢያሰላ 67 በመቶ ያገኛል፤ በኬልቪን ሲሰላ ግን፣ ማለትም በሁለቱም ላይ 273 ተደምሮ 303 ለ363 ሲካፈል፣ ጣሪያው ከ17 በመቶ በታች ነው። ለቤት የሚሆኑ ትንንሽ ማሽኖች ደግሞ የዚህን ግማሽ እንኳ ማግኘት ይከብዳቸዋል። ትልልቅ የፀሐይ ሙቀት ማመንጫዎች የቀለጠ ጨው እስከ 565 ዲግሪ ድረስ የፀሐይን ብርሃን በሚያንጸባርቅ መስታወት የሚያሞቁት በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚህ ጋር የተያያዘውና በተግባር ብዙ ሰው የሚያሳዝነው ስህተት ቀዝቃዛውን ጎን ችላ ማለት ነው። የቴርሞኤሌክትሪክ ሰሌዳ፣ ማለትም በሁለት ጎኖቹ መካከል ካለው የሙቀት ደረጃ ልዩነት ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ሰሌዳ፣ በጋለ ምድጃ ላይ ሲለጠፍ መጀመሪያ ላይ የተያያዘበትን መብራት ደህና አድርጎ ያበራል፤ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ግን ብርሃኑ ይደክማል። ሰሌዳው አልተበላሸም፤ ሙቀቱ በውስጡ አልፎ ሌላኛውን ጎን ስላሞቀው ልዩነቱ ጠብቦ ነው። እነዚህ ሰሌዳዎች ከሚያልፍባቸው ሙቀት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጡት በአብዛኛው 5 በመቶ አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ነው፤ ስለዚህ 10 ዋት ኤሌክትሪክ ለማግኘት 190 ዋት ያህል ሙቀት ያለማቋረጥ መወገድ አለበት። ለዚህ ማራገቢያ ቢገጠም ማራገቢያው ራሱ ከምርቱ ላይ ይበላል። የተሻለው መፍትሔ በውሃ ማቀዝቀዝና በዚያው የሞቀውን ውሃ ለመታጠቢያ ማዋል ነው፤ እንደ እኔ እምነት ደግሞ እንዲህ ያለው መሣሪያ ለቤት ትርጉም የሚኖረው ከሁሉ በላይ በዚህ አሠራር ነው።

ሰሌዳ ሲገዙም ለማቀዝቀዣ የተሠራውን ለማመንጫ ከተሠራው መለየት ያስፈልጋል። መልካቸው ይመሳሰላል፤ ሆኖም ብዙ ርካሽ የማቀዝቀዣ ሰሌዳዎች የተበየዱት በ138 ዲግሪ በሚቀልጥ የቢስሙትና የቆርቆሮ ቅልቅል ስለሆነ፣ በምድጃ ላይ ቢቀመጡ ብየዳቸው ይለቃል።

ሌላው ስህተት ከሶላር ፓነል ጋር ሳያወዳድሩ መጀመር ነው። በጠራ ቀን እኩለ ቀን ላይ በአንድ ካሬ ሜትር 1,000 ዋት ያህል የፀሐይ ጉልበት ያርፋል። 20 በመቶ ብቃት ያለው ፓነል ከዚህ 200 ዋት ይሰጣል። በሌላ በኩል ግማሹን ሙቀት የሚይዝ ሰብሳቢ ከ6 በመቶ ብቃት ካለው ሞተር ጋር ቢጣመር የሚያወጣው 30 ዋት ነው። ኤሌክትሪክ ብቻ የሚፈልግ ሰው እንግዲህ ፓነል ይግዛ፤ የሙቀቱ መንገድ የሚመረጠው ሙቀቱም ሲፈለግ ነው። በመስታወት ብርሃን ማሰባሰብ የሙቀት ደረጃውን ከፍ ያደርጋል፤ ነገር ግን ፀሐይ በሰዓት 15 ዲግሪ ስለምትጓዝ መስታወቱ ሊከተላት ይገባል፤ በደመናማ ቀንም የተበታተነው ብርሃን አይሰበሰብም። ሥራ ላይ ያልዋለ መስታወት ዓይንን ሊጎዳና እሳት ሊያስነሳ ስለሚችል መሸፈን አለበት።

አሁን የምጠቅሰው ስህተት ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። ውሃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ይዘቱ ወደ 1,600 እጥፍ ገደማ ይሰፋል፤ ስለዚህ በእጅ የተበየደ፣ የግፊት ማስተንፈሻ ቫልቭ የሌለው ወይም ቫልቩ የተደፈነ ዕቃ ሲፈነዳ በአጠገቡ ያለውን ሰው አይምርም። በቤት ውስጥ የእንፋሎት ቦይለር ለመሥራት መሞከርን ፈጽሞ አልመክርም። ውሃውን ፔንቴን በተባለ፣ በ36 ዲግሪ በሚፈላ ፈሳሽ መተካትም አደጋውን አያስወግደውም፤ ፔንቴን በቀላሉ ይቀጣጠላል፣ ተኑም ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይጠራቀማል።

የሚባክን የሚመስል ሙቀት ሁሉ ሥራ ፈት አይደለም። ጭሱን በማውጫው ሽቅብ የሚስበው ሙቀቱ ነው። ሙቀቱ ከመጠን በላይ ከተወሰደበት ጭሱ ይቀዘቅዛል፣ ሬንጅ መሰል ጥላሸት በቱቦው ይጋገራል፣ ስበቱም ሲደክም ሽታ የሌለው መርዛማ ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ክፍሉ ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ ሰሌዳውን ከቱቦው ውስጥ ይልቅ በምድጃው ውጫዊ አካል ላይ መግጠም ይመረጣል፤ የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚም በክፍሉ ውስጥ ሊኖር ይገባል። ከምግብ ማቀዝቀዣ (ፍሪጅ) ጀርባ የሚወጣው ሙቀት በበኩሉ ደረጃው ዝቅተኛ ነው፤ አየር እንዳያገኝ ሲታፈንም ማቀዝቀዣው ራሱ ተጨማሪ ኤሌክትሪክ ይፈጃል።

በመጨረሻም ዋትን ከዋት ሰዓት ጋር አያምታቱ። 20 ዋት የሚሰጥ መሣሪያ 24 ሰዓት ሙሉ ቢሠራ 480 ዋት ሰዓት ያወጣል፤ ምድጃው በቀን የሚነደው 4 ሰዓት ብቻ ከሆነ ግን ምርቱ 80 ዋት ሰዓት ነው፤ ማቀዝቀዣውን ውሃ የሚያዘዋውር ፓምፕ ካለም ፍጆታው ከዚህ ይቀነሳል። በተጨማሪም የቴርሞኤሌክትሪክ ሰሌዳ ከፍተኛውን ኃይል የሚሰጠው ቮልቴጁ ምንም ሳይሠካበት ከሚያሳየው ግማሽ አካባቢ ሲሆን ነው። ባትሪውን በቀጥታ ከማያያዝ ይልቅ ይህን ነጥብ የሚጠብቅ የቮልቴጅ መቀየሪያ በመካከላቸው መግጠም ተገቢ ነው፤ መቀየሪያው ከሌለ በብዙ ድካም የተገኘው ጥቂት ዋት ባትሪው ሳይደርስ ይቀራል።