የሰርፍ ሰሌዳ ከመግዛታችሁ በፊት ፊን ቀይሩ

ቴል አቪቭም ሆነ አሽዶድ ሰርፍ ለምታደርጉ ሁሉ፦ ለአዲስ ሰሌዳ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ያላችሁን ሰሌዳ በሌላ ፊን (ከሰሌዳው ሥር፣ ከኋላ በኩል በሚገጠመው ክንፍ) ሞክሩት። የሐምሌና የነሐሴ የሜዲትራኒያን ማዕበል አብዛኛውን ጊዜ ትንሽና ጉልበት የሌለው ነው፤ ልዩነቱ ደግሞ እዚያ ላይ ነው ጎልቶ የሚታየው።

ሦስት ፊን፣ አውስትራሊያዊው ሳይመን አንደርሰን እ.ኤ.አ. በ1981 ቤልስ ቢች ላይ የሰርፍ ውድድር ያሸነፈበት አሠራር፣ ስትታጠፉ አስተማማኝ ነው። ደካማ ማዕበል ላይ ግን የመሃሉ ፊን ይጎትታል። ሰሌዳችሁ አምስት የፊን ቦታ ካለው የመሃሉን አውጡና ከኋላ በግራና በቀኝ ሁለት ትናንሽ ጨምሩ። ፍጥነት ሲጨምር እግራችሁ ሥር ይታወቃችኋል። አጭርና ሰፊ ሰሌዳ ከሆነ ሁለት ትልልቅ ፊን ብቻውን በጣም ደስ ይላል፤ የሰሌዳው ኋላ ሸርተት ማለቱን ግን ልመዱት።

ዋናው ነገር፣ እባካችሁ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። ሰሌዳውንም ፊኑንም አብራችሁ ከቀየራችሁ የትኛው እንደረዳችሁ አታውቁም። በዚያው ቀን፣ በዚያው ቦታ ጥቂት ማዕበል በአንዱ ፊን ያዙ፤ ከዚያ ወጥታችሁ ቀይሩና ተመለሱ።

ስትገጥሙ የጎን ፊኖች ጠፍጣፋ ፊት ወደ ውስጥ፣ ወደ ሰሌዳው መሃል ይሁን። ብሎን ያለው ከሆነ አሸዋውን ጥረጉ፤ ከመጠን በላይ አታጥብቁት። ረጅም ሰሌዳ ያላችሁ ደግሞ ነጠላውን ፊን አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት ግፉት፣ መታጠፍ ይቀላል፤ ወደ ኋላ ከሳባችሁት ቀጥ ብሎ ይሄዳል።